የሐናንያ ጥፍር

የሚስተር ናዒም ሻሹዋ የመስታወት ቁም ሣጥን አልተሰበረም፤ አንድ ጭረት እንኳ አልነካውም። ቁልፉ እንደ ወትሮው ከመጻሕፍቱ ኋላ፣ በቻይና ማሰሮው ሆድ ውስጥ ተኝቷል። ከባቢሎን የመጡት የጭቃ ጽላቶች በጥቁር ከፋይ ላይ እንደ ክብር ዘበኛ ተሰልፈዋል። ከሰልፉ መካከል ግን አንዱ ጠፍቷል፤ ከፋዩ ላይ የቀረው የተቀመጠበት ጎድጓዳ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ዓባይ ጥሩነህ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ጎድጓዳውን አተኩሮ አየው። በሰሜን ለንደን ዓባይን የማያውቅ ሌባ ከሌባ አይቆጠርም ነበር። የካምደን ገበያ ኪስ አውላቂዎች ጥላውን ሲያዩ የሰረቁትን ቦርሳ መልሰው ባለቤቱን ይቅርታ ይጠይቃሉ ይባል ነበር፤ ይህን ከሚሉት መካከል ግንባር ቀደሙ ራሱ ዓባይ ቢሆንም። በዚያ የታኅሣሥ ሰኞ ጠዋት ወደ ሐምፕስቴድ ዳገት ሲወጣ በረዶው እርሱን ፈርቶ ቀለጠ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ በእርግጥም ቀልጦ ነበርና።

«የአገርህ ልጅ ነው የሰረቀኝ» አለ ሚስተር ሻሹዋ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ። ሰማንያ ዓመት ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ አጭር፣ ቤቱ ውስጥ ሻርፕ የጠመጠመ ሰው ነው። «አንተን የላኩልኝ ደግሞ እንድትፈልገው ነው ወይስ እንድትደብቀው?»

«ገና ስሙን አልነገርከኝም» አለ ዓባይ።

ሽማግሌው ነገሩን እየተቆጣ አስረዳው። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ናቡከደነፆር አይሁድን ማርኮ ባቢሎን አወረደ። ምርኮኞቹ በወንዞች ዳር ተቀምጠው ማልቀሳቸውን ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ እንባቸውን ጠርገው መሬት መከራየታቸውን፣ ግብር መክፈላቸውን፣ ልጅ መዳራቸውንና በመስኖ ውኃ መጣላታቸውን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ያን ሁሉ የባቢሎን ጸሐፊዎች በእርጥብ ጭቃ ላይ ጻፉት። የጠፋው ጽላት ሐናንያ ስለሚባል ምርኮኛ ነው። የተምር ማሳ ሲከራይ ማኅተም ስላልነበረው በጭቃው ጠርዝ ላይ የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭኖ አተመ።

«ከዚያ ምርኮ ሳይመለሱ የቀሩት የኔ ሰዎች ናቸው» አለ ሻሹዋ። «ባግዳድ ቀረን። እኔም እስከ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ድረስ እዚያው ነበርኩ። አንድ ሻንጣ ብቻ ያዝና ውጣ አሉኝ፣ ወጣሁ።»

«ጽላቱስ ከኢራቅ እንዴት ወጣ?»

«እንደ እኔ። ማንም ሳይሸኘው።» ዓይኑን አፈጠጠ። «ያ አንተን አይመለከትህም። ያን ጽላት ለሚስቴ ለማርሴል ነው የሰጠኋት፤ የታመመች ጊዜ። የአባቷ ስም ሐናንያ ነበር። ባግዳድ ሞቶ ሲቀበር እንኳ አልደረሰችም።»

ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቀው ማን ነው ሲለው፣ እኔና ተክለ ሃይማኖት ብቻ አለ። ተክለ ሃይማኖት ወጣት ዲያቆን ነው፤ ግዕዝና ዕብራይስጥ አዲስ አበባ ተምሮ፣ የባቢሎንን ጽሕፈት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የጀመረ። ጽላቶቹን ለሽማግሌው የሚያነብለት እርሱ ነው። ፖሊስ ትናንት እሑድ ከመኝታው ቀስቅሶ ወስዶታል። የጥገኝነት ማመልከቻው ክሮይደን ባለው የኢሚግሬሽን ቢሮ መልስ ይጠብቃል፤ በስርቆት ክስ ቻርጅ ከተደረገ ግን የሚጠብቀው መልስ ሳይሆን አውሮፕላን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው ምኵራብ ነበር። ቤት የቀረችው ፎቅ ላይ የተኛችው ማርሴል ብቻ ናት። አስታማሚዋ፣ ምግብም የምታበስለው ወይዘሮ አልታየሽ፣ ቀኑ ቅዱስ ገብርኤል ስለነበር ፈቃድ ወስዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ሻሹዋ ሲመለስ የማርሴል ቁርስ እንደተሸፈነ ቆየው፤ ሰንበት ወጥቶ ሣጥኑን ሲከፍት ደግሞ ሐናንያ የለም።

«ወይዘሮ አልታየሽ ቁልፉን አታውቅም?»

«አቧራ ስታራግፍ አይታው ይሆናል። እርሷ ምን ታደርገዋለች? የምታውቀው ሩዝና መድኃኒት ነው።»

በዚህ መሐል አልታየሽ ሻይ ይዛ ገባች። ጠይም፣ ወፈር ያለች፣ ነጠላዋን ከሹራቧ በላይ ያጣፋች ሴት ናት። ዓባይን በአማርኛ «እንዴት አደርክ» ብላው ዓይኗን ሳታነሣ ወጣች። ሻሹዋ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ብርጭቆውን ገፋው። ሄል የለውም ብሎ አጉረመረመ። ሌባው ሄሉንም ሳይወስደው አልቀረም።

ዓባይ ፎቅ ወጥቶ ሲጠይቃት ማርሴል ከትራሷ ቀና እንኳ ሳትል፣ ተኝቼ ነበር፣ ምንም አልሰማሁም አለችው። ስኳር ሰርቃ እንደበላች ሕፃን አፏን ገጥማ አየችው።

*

የጥንት ዕቃ ነጋዴው ፊንች ሱቁ ካምደን፣ ከቦዩ አጠገብ ነው። ሐናንያን ሽጥልኝ ብሎ ሻሹዋን ሁለት ክረምት ሙሉ የነዘነዘው እርሱ ስለሆነ ዓባይ በቀጥታ ወደርሱ ሄደ። ፊንች ከላይ እስከ ታች ገረመመው።

«አንተ መርማሪ ነህ? የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ መስለኸኝ ነበር።»

«እኔም አንተን ሐቀኛ ነጋዴ ብዬ ነበር። ሁለታችንም ተሳስተናል።»

ፊንች ቅዳሜን የት እንደዋለ ሲጠየቅ ዌምብሊ፣ ውሻ እሽቅድምድም ላይ ነበርኩ አለ። ዓባይ ደውሎ ቼክ አደረገ። እውነት ነው፤ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደርሶ ከአንድ የውሻ አሠልጣኝ ጋር ተሰዳድቦ ስለነበር በዌምብሊ የማያስታውሰው ውሻም የለም።

«ስማኝ» አለ ፊንች፣ ሊሸኘው በሩን ከፍቶ። «እኔ ብሰርቅ ከጎኑ ያለውን ባለ ንጉሥ ማኅተሙን ነበር የምወስደው። የጠፋው የገበሬ ጭቃ ነው፤ አንድ ጎኑም ተሰብሯል። እኔ የፈለግኩት ስለ ጥፍሩ ነው፤ ገበያ ግን የለውም። ያን መርጦ የሚሰርቅ ወይ ዕውር ነው ወይ ቄስ።»

ዓባይ ይህን ቃል ይዞ ወጣ። ዕውር የለም፤ ዲያቆን ግን ጣቢያ ታስሯል።

ተክለ ሃይማኖት ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ሳስቀድስ ዋልኩ ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። ዓባይ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደውል ስልኩን ያነሣችው ሴት የጎዳ ነው እንጂ የጠቀመ ነገር አልነገረችውም። ዲያቆኑ ለገብርኤል ንግሥ ዝር አላለም። ዘንድሮ ሰው ምን እንደነካው እንጃ ብላ ቀጠለች፤ ያቺ አልታየሽ እንኳ በሌሊት መጥታ ጠበሏን በፕላስቲክ ቀድታ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ እየሮጠች ወጣች። ዓባይ ሐሜቱን አቋርጦ ስልኩን ዘጋ። በሩብ ማይል ርቀት የሚዋሽ ሰው ትንፋሽ እሰማለሁ የሚለው ጆሮው፣ የዚያን ዕለት አጠገቡ የተነገረውን አልሰማም።

*

ተክለ ሃይማኖት ጣቢያው ውስጥ፣ ግድግዳው የዘይት ቀለም በተቀባ ጠባብ ክፍል ተቀምጧል። ወንበሩን ዘወር አድርጎ ለዓባይ ጀርባውን ሰጠው።

«ጋሼ ዓባይ፣ እርስዎን ከሩቅ ስናይ እንኮራ ነበር» አለ። «ከቅርብ ሲያዩዎት ግን ሰንሰለቱ ይታያል።»

«ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አልነበርክም።»

«አልነበርኩም።»

«የት ነበርክ?»

ልጁ ፊቱን መለሰ፤ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጣቶቹ በሳሙና ተልጠዋል። «ካምደን፣ ምግብ ቤት ሰሐን ሳጥብ ነበር። የሥራ ፈቃድ የለኝም። ይህን ከጻፉት ክሮይደን ዋሽተሃል፣ ሕግ ጥሰሃል ብሎ ይመልሰኛል። ካልጻፉት ሌባ ተብዬ እመለሳለሁ። እንግዲህ እርስዎ ይምረጡልኝ።»

ዓባይ ሄዶ አጣራ። ምድር ቤት ባለው ወጥ ቤት ውስጥ ዐብዱ የሚባል ምግብ አብሳይ፣ ልጁ ከማለዳ እስከ ምሽት ከገንዳው አልተነሣም ብሎ በእናቱ ማለ። መልክአ ገብርኤልን በዜማ እየዘመረ ድስት ሲፈትግ ስለዋለ እስላሙም፣ ሂንዱውም፣ እምነት የለሹም አስተናጋጅ ሁሉ ዜማውን ይዞታል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከባቢሎን ጀምሮ ታይቶ አይታወቅም። ችግሩ ምስክርነቱ ወረቀት ላይ ቢሰፍር የሚያድነውን ሰው የሚያጠፋ መሆኑ ነው።

ተመልሶ ጽላቱን ሌላ ማን ነክቶት እንደሚያውቅ ጠየቀው። ተክለ ሃይማኖት ትከሻውን ነቀነቀ። እትዬ አልታየሽ ብቻ፣ አቧራ ስታራግፍ። እርሷንም እርጥብ ጨርቅ እንዳታስነካው አስጠንቅቋታል፤ በፀሐይ ደረቀ እንጂ እሳት አልገባም፣ ውኃ ካገኘው እንደ ስኳር ይሟሟል ብሎ።

ዓባይ ከክፍሉ ሲወጣ አለቃው ብሩም መተላለፊያው ላይ ቆሞ ጠበቀው። ብሩም ሲናገር ሰው አያይም፤ ከሰው ራስ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው።

«ነገ ከቀትር በፊት ቻርጅ አድርገው። ልጁ ስለ ቅዳሜ ዋሽቷል፣ ቁልፉን ያውቃል፣ ምን እንደሚሰርቅ ያውቃል። ሌላ ምን ቀረህ?»

«ያልሠራው መሆኑ ነው የቀረኝ።»

«ማስረጃ አለህ?»

ዓባይ የዐብዱን ስም አልጠራም። ብሩም ፈገግ አለ። «እኔም ይህን ፈርቼ ነበር። ጉዳዩን ለአገርህ ሰው መስጠት አልነበረብኝም።»

*

ማክሰኞ ጠዋት ዓባይ ሻሹዋ ከመኝታ ሳይነሣ በጓሮ በር ወጥ ቤት ገባ። ለምን እንደመጣ ራሱም በቅጡ አያውቅም፤ ኋላ ሲያወራው ግን ሁሉም ነገር እንደ ፀሐይ በርቶለት ነበር። አልታየሽ ገንፎ እያማሰለች ነው።

«እትዬ፣ ሻይ ቢሰጡኝ። ሄል ያለው።»

«ሄል አልቋል።»

ዓባይ ከራሱ በላይ ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተ። የሄሉ ማሰሮ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። አልታየሽ ማማሰሏን ሳታቆም፣ ያልተወቀጠ ነው አለች።

«ይውቀጡት እንጂ።»

«ሙቀጫው ተሰበረ።»

ዓባይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትናንት ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ አይቶታል፤ ማርሴልና የሻሹዋ እናት ባግዳድ ውስጥ፣ በመካከላቸው ትልቅ የነሐስ ሙቀጫ። ሻሹዋን በአንድ ሻንጣ ያስወጡት ጊዜ ልብሱን ትቶ ያን ሙቀጫ ይዞ እንደመጣ ከፎቶው ሥር ተጽፏል።

«ነሐስ ይሰበራል እንዴ፣ እትዬ?»

ዓባይ ተነሥቶ ዞር ዞር አለ። ከማቀዝቀዣው በላይ፣ እጅ እንዳይደርስበት ተብሎ፣ አንድ ከባድ ነገር በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዓባይ ጨርቁን አልፈታውም። ቅመም የሚወቀጥበት ዕቃ በነጭ ጨርቅ የሚጠቀለለው መቼ እንደሆነ ከልጅነቱ ያውቃል። የተቀደሰ ነገር የነካ ዕቃ ወደ ወጥ አይመለስም።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም በአንድ ላይ የመጣለት። ሄል የሌለው ሻይ። ቅዳሴ ሳያልቅ በፕላስቲክ የሮጠው ጠበል። የማርሴል ያልተነካ ቁርስ፤ ጠበል የሚጠጣ ሰው ደግሞ እህል ሳይቀምስ ነው።

«ቅዳሜ ቁርሳቸውን የከለከሏቸው እርስዎ ነዎት» አለ በቀስታ። «ጽላቱን ወቅጠው እንደ እመት አጠጧቸው።»

አልታየሽ ማንኪያውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። «አንተ ሰው፣ እኔ ሌባ አይደለሁም።»

«አላልኩም።»

«ሐኪሞቹ ትተዋታል። ጠዋት አገላብጫት፣ ማታ አገላብጫት፣ እንደ ቅጠል ቀለለችብኝ። እዚያ ሳሎን ደግሞ ገብርኤል ከባቢሎን እሳት ያወጣው የአናንያ ስም የተጻፈበት አፈር በመስታወት ተቆልፎ ይቀመጣል። ቅዱስ አፈር የታመመ ሊድንበት ነው ወይስ እንግዳ ሊያይበት?»

«ተክለ ሃይማኖት ሌላ ሐናንያ ነው፣ የተምር ገበሬ ነው አላለዎትም?»

«ብሎኛል። የተማረ ሰው በረከት መደበቅ ይወዳል።»

«እሳት እንኳ አልነካውም እኮ፣ እትዬ።»

«እነርሱንስ ነካቸው?»

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በሜትሮፖሊታን ፖሊስ ሥልጠና አልተሰጠም። ዓባይ ሌላውን ነገራት። ልጁ በእርሷ ፋንታ ታስሯል፣ ዛሬ ከቀትር በፊት ቻርጅ ይደረጋል፣ ከዚያ ክሮይደን ፋይሉን ይዘጋል፤ ያመለጣቸው ሰዎች ደግሞ ቦሌ ላይ ቆመው ይቀበሉታል። አልታየሽ ፊቷ አመድ መሰለ። ያልሰረቀ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ነው አለች። የነጠላዋን ጫፍ ስባ ቋጠሮውን ፈታች። አውራ ጣት የምታህል የጭቃ ቁራሽ መዳፏ ላይ ወደቀች፤ በጠርዟ ላይ ጨረቃ የመሰለ ሰርጓዳ አለ።

«ይቺን ለገና አስቀምጬላት ነበር።»

ከበሩ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሻሹዋ በፒጃማው ቆሟል። አማርኛ አያውቅም፤ ቁራሿን ግን አወቃት። ዓባይ የሆነውን በእንግሊዝኛ ሲነግረው ሽማግሌው መጀመሪያ ያልገባው መሰለ። ከዚያ ጮኸ። የለንደን መስኮት ሁሉ ረገፈ ቢባል ይቀላል።

«ፋርስ ያልቻለውን፣ ግሪክ ያልቻለውን፣ የአሜሪካ ቦምብ ያልቻለውን፣ በእናቴ ሙቀጫ! እሰራት። ልጁንም አትልቀቅ፣ እርሱ ነው ያስተማራት። ሁለቱም ወደ መጡበት ይመለሱ።»

«የመጡበትን ብታውቀው አትለውም ነበር» አለ ዓባይ። «ለነገሩ አንተ ታውቀዋለህ። አንድ ሻንጣ ይዘው ነው የመጡት።»

ሽማግሌው እጁን አነሣበት፤ ግን አልመታውም። ዓባይ ሁለቱንም ወደ ፎቅ ይዟቸው ወጣ፤ ማርሴልን የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶታልና።

*

ማርሴል ጩኸቱን ሰምታ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ባሏ ነገሩን ሲነግራት አላቋረጠችውም። ሲጨርስ፣ አውቄያለሁ አለች።

«ምኑን?»

«የጠጣሁትን። ልጆች ሆነን የጤግሮስን ውኃ በጋን ነበር የምናጠራው። ከሥር የሚዘቅጠውን ጭቃ በጣቴ እየጠረግኩ እልስ ነበር፤ አባቴ ይቆጣኛል። ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የቀመስኩ ጊዜ ቤታችን ነው አልኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?» አለ ሻሹዋ።

«ብናገር ቀሪውን ትወስዱብኛላችሁ።» ዓይኗን ከእርሱ ላይ አላነሣችም። «ናዒም፣ ለእኔ ነው የሰጠኸኝ ወይስ ለመስታወቱ?»

ዓባይ ወደ አልጋው ቀረበ።

«ወይዘሮ ሻሹዋ፣ ጽላቱ የእርስዎ ነው። ተሰርቆብዎታል?»

«አልተሰረቀም። ጠጥቼዋለሁ።»

እጇን ወደ አልታየሽ ዘረጋች። አልታየሽ ቁራሿን ሰጠቻት። ማርሴል አውራ ጣቷን በጠርዙ ላይ አስተኛች፤ ጥፍሯ በሐናንያ ጥፍር ጎድጓዳ ውስጥ ልክ ገባ። ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ ያዘችው። ከዚያ በራስጌዋ ካለው የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው።

ሻሹዋ ተወረወረ፤ ምንጣፉ አደናቅፎት በአልጋው ጫፍ ላይ ተንበረከከ። ዓባይ ከብርጭቆው ክንድ አይርቅም ነበር። የጉዳዩ ብቸኛ ኤግዚቢት ጠርዙ እየሟሟ፣ ውኃው እንደ ሻይ እየጠቆረ ሲሄድ እያየ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ማርሴል ብርጭቆውን አማስላ እስከ አተላው ጨለጠችው።

«ይህች ሴት ዛሬውኑ ከቤቴ ትውጣ» አለ ሻሹዋ፣ ከተንበረከከበት።

«እንግዲያስ ሁለት ሻንጣ አዘጋጅ» አለች ማርሴል።

*

ብሩም በስልክ ማስረጃው የታለ ሲለው ዓባይ ተጠጣ አለው። ባለቤቷ የጠጣችው ነገር ስርቆት ስለማይባል፣ የልጁም የቅዳሜ ውሎ የማንም ጉዳይ ስላልሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ከሁለት መስመር በላይ አልሰፈረም። ብሩም ከዚያ በኋላ ለዓባይ ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም።

ተክለ ሃይማኖት በቀትር ተለቀቀ። ከጣቢያው ደረጃ ላይ ልጁ የጫማውን ክር ሲያስር ዓባይ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ልጁ አላመሰገነም። ክሩን ይዞ ቀረ።

«ጥፍሩስ?»

«እርሱንም።»

«የመጨረሻዋን መስመር ገና አላነበብኳትም ነበር» አለ ተክለ ሃይማኖት። «ከጠርዙ በላይ፣ ከጥፍሩ አጠገብ። ጽሕፈቷ ደቃቅ ስለሆነ ከበዓል በኋላ በጥሩ ብርሃን አያታለሁ ብዬ ተውኳት።»

ተነሥቶ ወደ አውቶቡሱ ሄደ፤ ዞሮም አላየውም።

ዓባይ ይህን ታሪክ ለዓመታት በካምደን ካፌዎች ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። በየጊዜው ሙቀጫው ይተልቃል፣ የሻሹዋ ጩኸት ተጨማሪ መስኮት ያረግፋል፣ ፊንችን የሚያስታውሱት ውሾች ይበዛሉ። የደረጃው ላይ ነገር ጋ ሲደርስ ግን ሻዩን አንሥቶ ይጠጣል። በዚያች ላይ አንድም ቃል ጨምሮ አያውቅም።